የእስከዳር አራት የጠፉ ልብሶች

እስከዳር አዲስ ልብስ መግዛት የተወችው እድራችን ከመከልከሉ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ሰው ይህን አላምን በማለቱ የመጣ ስለሆነ ነው።

እዚሁ ሰቆጣ፣ እኛ ሰፈር፣ ከእናቷ ከእማማ ወለተ ሰንበት ጋር ትኖራለች። መዋለ ሕፃናት ታስተምራለች። አባቷ መሪጌታ ነበሩ፤ ሲያርፉ ከመጻሕፍታቸው ሌላ የተረፋቸው አንድ ጥቁር ካባ ነበር። መጻሕፍቱን ደቀ መዛሙርታቸው ተካፈሉ፤ ካባው ሣጥን ውስጥ ቀረ። ብል ሊጀምረው ሲል እስከዳር እናቷን አስፈቅዳ መቀስ አነሳችና ጃኬት አደረገችው። ውጭው ጥቁር፣ ገበሩ ደግሞ ቀይ፤ በሁለቱም በኩል ይለበሳል። እጅጌዎቹን በውስጥ ቁልፍ ስላያያዘቻቸው ሲፈለግ ይወልቃሉ።

እማማ ወለተ ሰንበት ጃኬቱን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ «አባትሽ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?» አሏት።

«ለእኔስ ይበቃኛል ወይ ይሉ ነበር።»

ከጃኬቱ ሌላ አንድ ግራጫ ቀሚስና አንድ ነጠላ አላት። በቃ። ቀሚሱን አንዴ ታሳጥረዋለች፣ አንዴ ጠርዙን ፈትታ ታስረዝመዋለች፣ አንዴ ጃኬቱን ከላይ ደርባ ጉርድ ታስመስለዋለች። የነጠላዋን ጥለት በስስ ክር ብቻ ስለምትይዘው፣ አረንጓዴውን አንስታ ሰማያዊውን ለመስፋት ብዙም አትደክም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ የሴቱ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው፤ የወንዱን ግን አላውቅም።

ያን ዓመት መሬቱ ሳይጠግብ ዝናቡ ወጣ። ገብሱ ራስ ሳይዝ ቀረ፤ ገጠር ያለው ዘመዳችን ሁሉ ዓይኑን ወደ ከተማ አደረገ። የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ መንግሥቴ ስብሰባ ጠርተው፣ «እንዲህ ባለ ቀን አዲስ ለብሶ መንጎራደድ ነውር ነው» አሉ። ተስማማን። እስከሚቀጥለው መኸር ማንም አባል አዲስ ልብስ እንዳይገዛ ተወሰነ። ቅጣቱ ምን ይሁን በሚለው ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ፣ ሕጉን ያፈረሰ ሰው ቤት ሐዘን ሲደርስ ድንኳን አይተከልም ተባለ። ከባድ ቅጣት ነው። ግን ሁላችንም አጨበጨብን፤ በእኔ ላይ ይደርሳል ያለ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ደበዘዘ። ሰው አሮጌ ልብሱን አውጥቶ ለበሰ፤ ፊቱም አብሮ አረጀ። እስከዳር ግን እንደ ወትሮዋ ናት። አንድ እሑድ ጥቁር ጃኬት፣ በሚቀጥለው ቀይ፣ ከዚያ እጅጌ የሌለው ሰደርያ፣ ከዚያ ነጠላዋን በወገቧ እንደ መቀነት አድርጋ። የሊቀ መንበሩ ባለቤት ወይዘሮ ምስራቅ መጀመሪያ ዝም ብለው ቆጠሩ። ቀጥሎ ለባላቸው ነገሩ። ባላቸው ደግሞ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ አቶ ኪዳኑን ጠሩ፤ አቶ ኪዳኑ ዓይናቸው ከሩቅ ያያል እየተባለ የሚወራላቸው ሰው ናቸው፤ ወሬውን የሚያወሩትም እሳቸው ናቸው።

ሦስቱ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እስከዳር ቤት ሄዱ። እማማ ወለተ ሰንበት ጠላ ቀዱላቸው።

አቶ መንግሥቴ ጠላውን ቀመስ አድርገው፣ «እስከዳር፣ ልብሶችሽን አሳዪን» አሉ።

የእናቷን አሮጌ ቀሚስ እንደለበሰች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር አሳየቻቸው። ጃኬት፣ ቀሚስ፣ ነጠላ።

«ይህንማ አየነው። ሌሎቹን ነው እንጂ።»

«ሌላ የለኝም፣ ጋሼ።»

ወይዘሮ ምስራቅ ሣቅ አሉ። «ልጄ፣ እኔ በእነዚህ ዓይኖቼ ሰባት ቆጥሬያለሁ።»

ፍተሻ ሆነ። አልጋው ሥር ታየ፤ ሣጥኑ ተከፈተ፤ የመሪጌታው መቋሚያ ብቻ ተገኘ። አቶ ኪዳኑ የዱቄቱ ጎታ ውስጥ እስከ ትከሻቸው ገብተው ዱቄት ለብሰው ወጡ። እስከዳር ይሄኔ፣ «ቆይ ላሳያችሁ» ብላ ልብሶቹን ከምስማሩ አንስታ ከመጋረጃው ኋላ ገባች። በጥቁሩ ጃኬት ወጣች፤ ተመልሳ ገብታ በቀዩ ወጣች።

«ጎሽ!» አሉ ወይዘሮ ምስራቅ። «ቀዩ ይሄ ነው። ጥቁሩስ የታለ?»

«እሱ ራሱ ነው፣ እትዬ። ገልብጬው ነው።»

«ጥቁሩን የት አደረግሽው ነው የምልሽ?»

እስከዳር ፊታቸው አውልቃ ገለበጠችው። «ይኸው ጥቁሩ።»

«እሺ» አሉ አቶ መንግሥቴ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ለስለስ ብለው፣ «አሁን ደግሞ ቀዩ ጠፋ።»

እጅጌዎቹን አወለቀች፤ ሰደርያ ሆነ። ጥለቱን ፈትታ በሌላ ለወጠች፤ ሌላ ነጠላ ሆነ። ቀሚሱ ላይ ጃኬቱን ደረበች፤ ጉርድ ሆነ። አቶ ኪዳኑ አንድ በወጣ ቁጥር አንድ ጣታቸውን ያጥፋሉ። ሁሉም አልቆ እስከዳር አልቧት ቁጭ ስትል፣ አቶ ኪዳኑ የታጠፉ ጣቶቻቸውን ለሊቀ መንበሩ አሳዩ። አቶ መንግሥቴ ተነስተው ቆሙ።

«ሰባት ልብስ መኖሩን ራስሽ አንድ በአንድ አሳይተሽናል። ምስማሩ ላይ ያለው ሦስት ነው። የደበቅሻቸውን አራቱን በመጪው ስብሰባ ይዘሽ ትቀርቢያለሽ። አለዚያ ሕጉ ሕግ ነው።»

ከሄዱ በኋላ እማማ ወለተ ሰንበት የጠላውን ዋንጫ ሰበሰቡ።

«ድንኳን የሚከለከለው እንግዲህ ለእኔ ነው» አሉ ቆይተው። «ከዚህ ቤት ቀድሜ የምሞት እኔ ነኝ። ለቀስተኛው በጠራራ ፀሐይ ሊቀመጥልኝ ነው?»

«እማዬ፣ የሌለ ልብስ ከየት ላምጣ?»

«የሌለ ነገር ማምጣት ያስቸግራል። ማጣት ግን ምን ችግር አለው? አጣኋቸው በያቸው።»

እስከዳር መዋሸት አትወድም። ይህን ግን ስታገላብጠው ውሸትም ሆኖ አላገኘችውም። በስብሰባው ቀን ተነስታ፣ «አራቱ ልብሶች የሉም» አለች።

«የሉም ማለት?» አሉ አቶ መንግሥቴ።

«የትም የሉም። አጣኋቸው።»

ከዚያ አንዲት ሴት፣ «እኔን! ተሰርቃለች!» ብላ ጮኸች፤ በዚያው ድብልቅልቁ ወጣ። ወይዘሮ ምስራቅ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ያ አረንጓዴ ጥለት! እንዴት ያምርባት ነበር!» ሲከሷት የነበሩት ሰዎች ሊያጽናኗት ተሽቀዳደሙ። አቶ ኪዳኑም እጃቸውን አወጡ። አንድ ረዘም ያለ፣ ጺም ያለው፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው፣ ጆንያ በአህያ ጭኖ ማለዳ ወደ ጋዝጊብላ መንገድ ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል።

«ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አሉ?» ተባሉ።

«ያኔ ሌባ መሆኑን በምን አውቄ?»

እስከዳር ተነሳች። «ኧረ አልተሰረቅሁም! ልብሶቹ መጀመሪያውኑ አልነበሩም! ሦስት ብቻ ነው ያለኝ!»

«ድንጋጤው ነው» አሉ ሴቶቹ፤ አስቀምጠው በነጠላቸው አራገቡላት። አንዷ ውኃ አመጣች።

በገበያ ቀን አቶ ኪዳኑ ከሁለት ጎልማሶች ጋር ጋዝጊብላ ወረዱ። እስከዳር ይህን የሰማችው ከሄዱ በኋላ ነው፤ ሚኒባስ ይዛ ተከተለቻቸው። ስትደርስ ገበያው ሥራ ፈቶ አንድ ቦታ ተሰብስቧል። መሐል ላይ ጌታሰው የሚባል የደሃና ወረዳ ሰው፣ ሰልባጅ ነጋዴ፣ ሸራው ላይ ከተቆለለው ልብስ አጠገብ ቆሟል። ረዥም ነው፤ ጺም አለው፤ ጠባሳውም አለ። በየሳምንቱ በሰቆጣ በኩል ስለሚያልፍ አቶ ኪዳኑ ቢያዩት አይገርምም።

«ቀይ ልብስ አለህ የለህም?» ይላሉ አቶ ኪዳኑ።

«አለኝ። ጥቁርም፣ አረንጓዴም አለኝ። ሰልባጅ እኮ ነው የምሸጠው፣ አባቴ።»

«አመነ!» አሉ አቶ ኪዳኑ ወደ ሕዝቡ ዞረው።

እስከዳር ሰዉን ገፍታ ገባች። «አቶ ኪዳኑ፣ ይህን ሰው ይተዉት! እነዚህን ልብሶች በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም!»

አቶ ኪዳኑ በአድናቆት አዩዋት። «ሰማችሁ? የተሰረቀችው እሷ፣ የምትምረውም እሷ! የመሪጌታ ልጅ ናትና!» አንዲት አሮጊት መጥተው ግንባሯን ሳሟት።

የገበያው ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ልጅቷ ይህን ያህል ከራራችለት ክስ አያስፈልግም፤ አራት ልብስ መልሶ በሰላም ይሂድ አሉ። ጌታሰው በአገሩ ቋንቋ፣ በኸምጣንግኛ፣ ለራሱ አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ሁለት ሽማግሌዎች አቀርቅረው ሣቁ። ከዚያ ከክምሩ አራቱን እንደመጣለት አነሳ፦ አንድ ቀይ ሹራብ፣ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሰፊ የወንድ የዝናብ ካፖርት። ለእስከዳር ዘረጋላት።

«አልወስድም» አለች።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ሌባ እንዳልሆንኩ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። እነሱ ግን ካልወሰድሽ አይለቁኝም። አገሬ ሩቅ ነው፤ ሳይመሽ ልግባበት። በእናትሽ ውሰጂልኝ።»

ወሰደች። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ሰቆጣ ድረስ አለቀሰች።

በእድሩ ስብሰባ ልብሶቹ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ። ወይዘሮ ምስራቅ እያንዳንዱን ለዩት። «ይቺን ለጥምቀት ለብሳት ነበር። ይሄን ደግሞ ለእህቴ ልጅ ክርስትና።» ካፖርቱ ላይ ሲደርሱ ጥቂት አመነቱ። ዘርጋ አድርገው አዩት፤ ሁለት እስከዳር ይይዛል። «ይሄንንማ እንዴት እረሳዋለሁ! ለመስቀል ነው የለበሰችው።»

ሌላ ጥያቄ ተነሳ። ልብሶቹ መኖራቸው ከተረጋገጠ፣ ታዲያ እስከዳር ሕግ አፍርሳለች ማለት ነው? እማማ ወለተ ሰንበት የባላቸውን መቋሚያ ጨበጡ። አቶ መንግሥቴ ግን ቀኑን ሙሉ አስበውበት ነበር።

«የተገኙት ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው» አሉ። «ሰልባጅ አዲስ አይደለም። ሕጋችን የሚከለክለው አዲስ ልብስ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ነፃ ናት።»

አጨበጨብን። እማማ ወለተ ሰንበት፣ «ተመስገን፣ አሁን ብሞትም አይቆጨኝም» አሉ።

እስከዳር ግን የሰው ንብረት ቤቷ አስቀምጣ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በሚቀጥለው ገበያ አራቱን ጠቅልላ ጌታሰው ዘንድ ሄደች። ጌታሰው ጥቅሉን ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ሸራዬ ላይ እንዳታስቀምጪው! እነዚህ ልብሶች እኔ ዘንድ ተመልሰው ከታዩ እንደገና ሌባ ነኝ!»

«የአንተ ናቸው እኮ!»

«የእኔማ ናቸው። ችግሩ እሱ ነው።»

እስከዳር አሰበች። ከዚያ የጌታሰው አህያ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ከቦርሳዋ መቀስና መርፌ አወጣች። ከሁለቱ ቀሚሶች አንድ ሰፋ ያለ ቀሚስ ሠራች። የሹራቡን እጅጌ ቆርጣ ለልጅ ኮፍያ አደረገችው፤ የቀረውን ሰደርያ። ጌታሰው ደንበኞቹን ትቶ ሲያያት ቆየ። ቀሚሱ ገና መርፌው ሳይወጣለት አንዲት የጋዝጊብላ ሴት ገዛችው፤ ልብሱ የተፈረደበት ቀን እዚያው ዛፍ ሥር ቆማ የነበረች ሴት ናት።

«ይሄ ከየት የመጣ ነው?» አለችው ደስ ብሏት።

«ከሩቅ» አላት ጌታሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ይሠራሉ። እሱ ያመጣል፤ እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ እየፈታች ትሰፋለች። እስካሁንም ለራሷ የጨመረችው ልብስ የለም፤ ሰፈሩ ግን ሰባት እንዳላት ያውቃል።

የዝናብ ካፖርቱ ለሴት የሚሆን አልሆነም። ለጌታሰው በልኩ አጥብባ፣ አንገትጌውን ለውጣ ሰፋችለት። እሱን ለብሶ፣ ጺሙን እንዳስተካከለ፣ ከረጢት በትከሻው ይዞ ሰቆጣ መናኸሪያ ሲወርድ መጀመሪያ ያገኙት አቶ ኪዳኑ ናቸው። ባርኔጣቸውን አነሱ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ! ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?»

«ከደሃና ነው የመጣሁት።»

«እንኳን ደህና መጡ። ብቻ ከረጢትዎን ጠበቅ አድርገው ይያዙ። በዚህ መንገድ አንድ የልብስ ሌባ አለ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

አቶ ኪዳኑ አንድ በአንድ ነገሩት፤ ቁመቱን፣ ጺሙን፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ። ጌታሰው በጥሞና ሰምቶ አመሰገናቸው። ከረጢቱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ፣ ግራና ቀኙን እያየ ወደ እስከዳር ቤት ወረደ።