ዘበኛችን ነው

መርዕድ አባቱን አቶ ገብረየስን በቀበረ በሰባተኛው ዓመት፣ ታይላንድ ውስጥ ወንዝ ዳር ባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ ጫማ ሲጠብቁ አገኛቸው።

ባንኮክ የሄደው ለአምስት ቀን ሥልጠና ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነፃ ሲሆኑ አለቃው ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ «ትልልቆቹን መቅደሶች ቱሪስት ወሯቸዋል፤ ሰው የማይበዛበት እንሂድ» አሉ። በጀልባ ሽቅብ አርባ ደቂቃ ያህል ተጉዘው አንዲት ጭር ያለች መቅደስ ዘንድ ወረዱ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ወንዙን ፎቶ ሊያነሱ ወደ ኋላ ቀሩ። መርዕድ ቀደመ።

አባቱ ከደረጃው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ያንኑ ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ሙቀቱ ሠላሳ አምስት ዲግሪ ነበር፤ እሳቸውን ግን አላላባቸውም።

«ጫማህን አውልቅ» አሉት።

አወለቀ። ተቀብለው ከሌሎቹ ጎን አስቀመጡለት።

«አባባ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ዘበኛ ነኝ።»

«ማን ቀጠርዎት?»

«አንተ ነሃ!» ገርሟቸው አዩት። «የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ያለው የአንተ ስም ነው።»

መርዕድ መቼ ነው ብሎ አልጠየቀም። ቀኑን ያውቀዋል።

አዲሱን ቤቱን ያስመረቀ ዕለት ነው። አቶ ገብረየስ ከደብረ ሲና በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ በጣሳ ማር ይዘው መጡ። ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ «እኚህ ሽማግሌ ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። መርዕድ የአባቱን የተጣፈ ካፖርት አየ፤ ጫማቸው ምንጣፉ ላይ ያሳረፈውን ጭቃ አየ። «ዘበኛችን ነው» አለ። «ናቸው» እንኳ አላለም። አቶ ገብረየስ ሰምተዋል። ማሩን አስቀምጠው ወጡና እስኪመሽ ድረስ ለገባ ለወጣው ሁሉ በር ሲከፍቱ ዋሉ። በማግስቱ አገራቸው ገቡ። ነገሩን አንድም ቀን ሳያነሱበት በዓመቱ ሞቱ።

«ከዚህ ሥራ የሚለቁበት መንገድ የለም?»

«አለ እንጂ። ያኔ ለጠየቁህ ሴትዮ እውነቱን ትነግራቸዋለህ። እሳቸው ካመኑህ እኔ አርፋለሁ።» ጉልበታቸውን አሹ። «መቀመጡ ሰለቸኝ፣ ልጄ።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ ደረሱ። «ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

መርዕድ ጉሮሮውን ጠረገ። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«አባቴ ናቸው» አለ። ድምፁ ግን ከከንፈሩ ብዙም አልራቀም።

«ምን አልክ?»

አቶ ገብረየስ የልጃቸውን ፊት ተመለከቱ። ላቡ በአገጩ ሲንጠባጠብ አዩ። አንጀታቸው አልቻለም። ከበርጩማው ተነሥተው ለሴትዮዋ እጅ ነሡ።

«እየቀለደ ነው፣ እመቤቴ። ዘበኛ ነኝ።»

«ውይ! አማርኛ ይችላሉ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ስቀው ጫማቸውን ሰጧቸውና ደረጃውን ወጡ።

መርዕድ መልሶ ሊናገር ይችል ነበር። ሴትዮዋ ገና አራተኛው ደረጃ ላይ ናቸው፤ ቢጠራቸው ይሰማሉ። አልተጣራም። ጭራሽ ከደረቱ ላይ አንድ ነገር ቅልል አለው፤ ደስ አለው። እስከ ዛሬ ሲያስታውሰው ፊቱን በሁለት እጁ የሚያስሸፍነው ያ ደስታ ነው።

«ግባ እንጂ፣ እየጠበቁህ ነው» አሉት አባቱ።

ገባ። የቡድሃው ሐውልት ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ ተቀምጧል። መርዕድም ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

ሲወጣ አባቱ ጫማውን ወልውለው ጠበቁት። ክሩን ሊያስር ጎንበስ ሲል ቀደሙትና እንደ ሕፃን እግሩን ጭናቸው ላይ አድርገው አሰሩለት። እጃቸው ይቀዘቅዛል።

«ጠብቋል?»

«አልጠበቀም፣ አባባ።»

«በል በሰላም ግባ።»

ጀልባዋ ስትነሣ መርዕድ ወደ መቅደሱ መዞር አቅቶት ወደ ታች አየ። ሲመጡ ድፍርስ የነበረው ውኃ እንደ መስተዋት ጠርቷል። ክንድ ክንድ የሚያክሉ ዓሦች፣ በመቶ የሚቆጠሩ፣ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ እንደ ዘበኛ በረድፍ ቆመዋል። ሁሉም ወደ እሱ ዞረው አፋቸውን ከፍተዋል። ጀልባዋ ስታልፍ ረድፉ ሳይፈርስ፣ ራሳቸውን ብቻ ቀስ አድርገው እያዞሩ ተከተሉት።