አምፖሉ ሲያንቀላፋ

ልብስ ሰፊዋ የአባቷን የብየዳ ማሽን ከጓሮው ወርክሾፕ ጥግ እየጎተተች ያወጣችው ሠርታ ልትበላበት አይደለም። የእሷ ኑሮ በመርፌና በክር ነው። ማሽኑን ያወጣችው እናቷ ራት እንድትበላላት ብላ ነው። ብየዳንና ራትን ምን አገናኛቸው የሚል ሰው ካለ አይፈረድበትም፤ የአክስቷ ልጅም መጀመሪያ ስትነግረው ግንባሯን በእጁ ዳስሶ «ትኩሳት እንኳ የለሽም» ነው ያላት።

ነገሩ ወዲህ ነው። እናቷን ዕድሜ ተጫጭኗት ዓመታቱ ተደበላልቀውባታል። ባሏ ከሞተ ሰንብቷል፤ ለእሷ ግን ከግድግዳው ወዲያ፣ ወርክሾፑ ውስጥ አጎንብሶ ብረት እየለካ ነው። ቀን ቀን ፀሐይ ስትሞቅ ትውላለች፣ የቀረበላትንም ቀመስ ታደርጋለች። ቀኑ አዘቅዝቆ መብራት ሲበራ ግን ገበታው ፊት እጇን አጣጥፋ ትቀመጥና፣ ቀና ብላ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን አምፖል ታያለች።

«ዛሬም አልጀመረም» ትላለች።

«ማን እማዬ?»

«ባለቤቴ ነዋ። እሱ ሥራውን ሳይጨርስ እኔ አልበላም። እርስዎ ግን ይብሉ እንጂ፤ ሲደክሙ ነው የዋሉት።»

እርስዎ! የገዛ ልጇን አታውቃትም። ልብስ ሰፊዋ ለእናቷ ደግና ታታሪ እንግዳ ናት፤ ውሃ ስታቀብላት ትመርቃታለች፣ ፀጉሯን ስታበጥርላት «እናትዎ ታድላ» ትላታለች። በወለደች እናት አንቱ መባል እንዴት አንጀት እንደሚበላ የደረሰበት ያውቀዋል። ልጅቷ ግን ይህን ዋጥ አድርጋ የተጨነቀችው ለራቱ ነበር። የእናቷ ክንድ ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ሄዷል፤ ቀሚሷን ከጎንና ከጎኑ እየሰበሰበች ስትሰፋላት፣ ከዚህ በላይ የሚሰበሰብ ጨርቅ እንደማይኖር እጇ ይነግራታል።

አንድ አመሻሽ ላይ ጠየቀቻት። «እንዳልጀመረ በምን አወቅሽ?»

እናት በትዝብት አየቻት። «አምፖሉን አያዩትም? እሱ ሲበይድ ያንቀላፋል። ይኸው ዓይኑን አፍጥጦ ተቀምጧል።»

ልጅቷ ያኔ ገባት። የቤቱ መስመር ድሮ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ማሽኑ እሳት በጫረ ቁጥር መብራቱን ከየክፍሉ ይጠጣዋል። በልጅነቷ አምፖሉ በየምሽቱ ደብዘዝ፣ ደግሞ ቦግ ሲል አድጋለች፤ ሰው የገዛ ትንፋሹን ልብ እንደማይለው እሷም ልብ ብላው አታውቅም። እናቷ ግን ዕድሜ ልኳን ባሏን በዚያ አምፖል ስትጠብቀው ኖራለች። ሲያንቀላፋ እየሠራ ነው፤ ነቅቶ ሲቀር ጨርሷል፣ ገበታ ይቅረብ። እንግዲህ ባልየው አይመለስ፤ አምፖሉን ማስተኛት ግን ይቻላል።

ማሽኑ ወገበ ሰፊ፣ እግረ አጭር፣ ከቦታው ንቅንቅ ማለት የማይወድ ነው። ብሎኖቹ ዝገው አንፈታም አሉ። ዘይት እያጠጣች፣ እየለመነች፣ አንዳንዴም እየሰደበች አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ክዳኑ ሲነሳ የሸረሪት ድርና የአይጥ ጎጆ ወጣ። አይጧ መዳቡ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ ግጣ ግጣ ለልጆቿ ፍራሽ አድርጋዋለች፤ ያው እናት ናት፣ ምን ይባላል። ጨርቅ ከሆነማ የልብስ ሰፊዋ ነገር ነው። ነጭ የጥጥ ጥብጣብ አመጣችና የብርድ ልብስ ጠርዝ የምትቀመቅም ይመስል ግማሹን በግማሹ ላይ እየደረበች መዳቡን አለበሰችው። ቫርኒሽ ቀባችው፣ እንዲደርቅም ተወችው። ሌላውን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትገው ከዝገቱ ሥር አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ፤ እንደዚያ አረንጓዴ እንደነበረ ረስታው ነበር።

እነዚያ ከሰዓት በኋላዎች እንግዳ ነበሩ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ አቧራው በውስጡ ተንሳፎ አይወርድም አይወጣም። የቫርኒሹ ሽታ ራስ ያቀላል። ከግድግዳው ወዲያ እናቷ የምታንጎራጉረው ዜማ ይሰማል፣ መነሻም መድረሻም የለው። ልጅቷ የአባቷን የቆዳ ሽርጥ ታጥቃ፣ የእሳቱን ኃይል ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማዞሪያ በቤንዚን ስታጥብ ሰዓቱ ይጠፋባታል። አንዳንዴ ከኋላዋ ሰው የቆመ ይመስላታል፤ ዘወር አትልም። ዘወር ካለች እንደማይኖር ታውቃለች፣ ካላለች ግን ማን ያውቃል። እንዲህ እንዲህ እያለች የሞቱት ሁሉ ከግድግዳ ወዲያ ብቻ ያሉ መሰላት። «ዛሬም አልጀመረም» ባለች ቁጥር በእናቷ መናደዷን የተወችው ያን ሰሞን ነው።

የአክስቷ ልጅ ኤሌክትሪሻን ነው። አብረው ያደጉ ናቸውና ሳያበሽቃት አይውልም። «መርፌሽን ጥለሽ ብረት ለብረት ልትሰፊ ነው?» እያለ መጣ፤ ሥራው ግን አይታማም። ማሽኑን በመለኪያው ፈትሾ «ከእኔ የተሻለ ጤና አለው» አለ። የቤቱን አሮጌ ሽቦ ሲያይ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። እሷ ገበያ ውላ ስትመለስ፣ ከቆጣሪው ቀጥ ብሎ ወርክሾፑ ድረስ የሚሄድ ወፍራም አዲስ ኬብል ዘርግቶ ጠበቃት። እሷም መረቀችው።

በዚያው ምሽት መብራት እንደበራ ማብሪያውን ጫነችው። ማሽኑ ከሆዱ አጉረመረመ፤ ያ ድምፅ ከእግሯ ገብቶ እስከ ጥርሷ ወጣ፣ ሰውነቷንም ብርድ ብርድ አለው። በፒንሳው ኤሌክትሮዱን፣ ያን እየቀለጠ ብረት የሚያጣብቀውን ዘንግ፣ ይዛ፣ ጭንብሉን አውርዳ ብረቱን ነካችው። እሳቱ ተንጣጣ፤ ደጋግማ ጫረችው። ሁሉንም እዚያው ጥላ ወደ ቤት ሮጠች።

አምፖሉ ፈጧል። እናቷ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ዛሬም አልጀመረም» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ቅስሟ ተሰበረ። ደጃፉ ላይ ዘፍ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ እናቷም ተነስታ በነጠላ ጫፍ ዕንባዋን እየጠረገች «አይዞዎት፣ ሰው ሞቶብዎት ነው?» አለቻት።

የአክስቷ ልጅ ነገሩ ሲነገረው ጭንቅላቱን አከከ። አምፖሉ የማያንቀላፋው ማሽኑ የራሱ መስመር ስለተሰጠው ነው፤ ከቤቱ የሚጠጣው ነገር የለም።

«እኔ እኮ ደህና አድርጌ ነው የሠራሁት!»

«ጥፋትህ እሱ ነው» አለችው። «በአሮጌው ሽቦ አድርግልኝ።»

«ቤቱን ልታቃጥዪው? በዚህ እጄ አላደርገውም!»

«ቤቱ ቆሞ እሷ ብታልቅብኝስ?»

 ማሽኑ ማጉረምረምን ከእሱ የተማረ እስኪመስል አጉተመተመና በመጨረሻ እሺ አለ። ግን በቀጭን ኤሌክትሮድ፣ ኃይሉን እታች አድርጎ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ፤ እሱም መብራቱን ከሚቆርጠው ብሬከር አጠገብ ቆሞ። ሽቦው በተቀበረበት ግድግዳ ላይ መዳፉን ይለጥፋል፤ ሞቅ ያለ እንደሆነ ያጠፋዋል። አለቀ።

በማግስቱ አመሻሹ ላይ እንደተባለው ሆነ። ሰማዩ የወይን ጠጅ ቀለም ይዞ፣ በወርክሾፑና በሳሎኑ መካከል ያለው መስኮት ተከፍቶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እሳቱን ጫረችው። ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተጣበቀባት። ጠምዝዛ አላቀቀችው፤ ጫረችው፤ ደግሞ ተጣበቀ። ለወራት የደከመችበት ነገር በገዛ እጇ ድንዛዜ ገደል ሊገባ ነው። ከጭንብሉ ሥር ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ እሳቱ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም አለ።

በመስኮቱ ሳቅ ሰማች።

«አንተ!» አለች እናቷ፣ ለዓመታት ባልተሰማ ድምፅ። «ፒንሳውን ዛሬም ለልጅቷ ሰጠሃት፣ አይደል?»

ልጅቷ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«የማላውቅ ይመስላችኋል! አንተ ስትይዘው አምፖሉን እንቅልፍ ነው የሚወስደው። እሷ ስትይዘው ይርገበገባል፣ ዓይኑ ውስጥ ጉድፍ የገባበት ይመስል። ዝም የምለው እሷን ደስ ስለሚላት ነው። በል ልቀቃት አሁን፣ ርቧታል!»

ልብስ ሰፊዋ ጭንብሉን አነሳች። እውነት ነበር። ልጅ ሳለች እናቷ መርፌ ታስይዛታለች፣ እሳትና ብረት አካባቢ ዝር እንዳትል ትቆጣታለች፤ አባቷ ደግሞ ሲመሽ ጠቀስ ያደርጋትና አንድ ሁለት ኤሌክትሮድ ያስጨርሳታል። አባትና ልጅ ሸወድናት እያሉ አፋቸውን ይዘው ሲስቁ፣ እናት ከግድግዳው ወዲያ ራት እያቀረበች፣ የትኛው መርገብገብ የልጇ እንደሆነ እየለየች፣ ታውቅ ኖሯል። አባትየው ይህን ሳያውቅ መሞቱ ቆጫት።

ሽርጧን እንደታጠቀች ወደ ቤት ገባች። ፊቷ ጠቁሯል፣ ፀጉሯ ሽበት ነው፣ ቃጠሎ ቃጠሎ ትሸታለች። እናቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ልብስ ሰፊዋ ያ የፈራችው የአክብሮት ፈገግታ ሲመጣ ታያት።

«ምን ይገትርሻል?» አለቻት እናቷ። «እጅሽን ታጠቢና ቅረቢ።»

«እማዬ፣ አወቅሽኝ?»

«ምን ትላለች ይቺ! እስክትጨርሺ አይደል እንዴ በረሃብ የምጠብሰው ሆዴን?»

ከደጅ የአክስቷ ልጅ ጮኸ። «እህሳ! አንቀላፋ ወይስ አላንቀላፋም? ግድግዳው ሞቋል፣ ላጥፋው?»

ልብስ ሰፊዋ ልትመልስለት ወደ ደጁ ዞር ስትል ተቀደመች።

«አጥፋው፣ ልጄ ጨርሳለች!» አለች እናቷ፤ ሳህኑንም ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ መብላት ጀመረች።