ያልተፋቀው ጥግ

አንሶላው እንደገና መሬት ላይ ነው። ወድቆ ቢሆን ማንም ነገሬ አይለውም ነበር፤ ግን ተጣጥፏል። አራቱም ጫፎቹ ወደ መሀል ገብተዋል፣ እንደ ፖስታ። በዚህ ቤት አንሶላ እንዲያ የምታጥፍ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ዕሑድ ቀብረዋታል።

ዲቮራ እግሩ አጭር በሆነው የለቅሶ ወንበር ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ለእናቷ ሐዘን ምልክት የቀደደችውን ኮሌታ እየነካካች አየችው። አጎቷ ሜንደል ከጎኗ ሻዩን በሎሚ ፉት ይላል።

«ያጠፍሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መቼም እንቅልፍ የለሽም።»

«አጎቴ፣ እኔ ወደዚያ ነገር አልቀርብም።»

ያ ነገር ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ የሰው ቁመት የሚያህል መስታወት ነው። የጀርባ ቅቡ በሰው በሰው ቅርጽ ተፍቋል፦ በጦርነቱ ጊዜ ቢያሊስቶክ ከተማ ላይ የጠፉ፣ ፎቶ እንኳ ያልተረፋቸው የሟቿ እናቷ የጌኒያ ዘመዶች። ፊቱ የቆመ ሰው ራሱን ያያል፤ እነሱ ባሉበት በኩል ግን ተበሳስቶ፣ በደረቱ ውስጥ ግድግዳው እየታየ።

በአይሁድ ለቅሶ ቤት መስታወት ይሸፈናል፤ ሥዕል አይሸፈንም። ይሄ የትኛው ነው በሚለው ላይ ለቅሶ ደራሹ ለሁለት ተከፈለ። የምኩራቡ ሴቶች፣ ሊፕስቲክ ማስተካከል ከተቻለበት መስታወት ነው ብለው ፈረዱ። ረቢው አገጩን አሻሽቶ አሻሽቶ ግማሹን ሸፍኑት አለና፣ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ሳይናገር ወጣ። በመጨረሻ አንሶላ ተጋረደበት።

ጌኒያ ዕድሜዋን ሙሉ ጋራዧን ለጀማሪ አይሁድ ሠዓሊዎች ለቃ፣ መኪናዋን ለሰፈሯ ለኮልፊልድ ፀሐይ ሰጥታ ኖረች። የሚመጣውን ወጣት ሁሉ፣ ከቤታችሁ የጎደለው ማን ነው ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ በኋላ የጎደለው እስኪገኝ ቀለሙም ሸራውም ሾርባውም በሷ ነው። ይህን ያልጠየቀችው የገዛ ልጇን ብቻ ነበር።

ዲቮራ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳትጠየቅ መለሰች። ያላየቻትን አያቷን ከእናቷ ወሬ ቃርማ በከሰል ሣለቻት። ጌኒያ ወረቀቱን አንዴ አየችው፣ «አፍንጫዋ እንዲህ አልነበረም» አለች፣ በፊቱ ደፋችው። ዲቮራ የጥርስ ሐኪም ሆነች። ከዚያ ወዲያ ወደ ጋራዡ የገባችው የሌላ ሰው ልጆች እራት ሲቀዘቅዝባቸው ለመጥራት ነው።

መስታወቱን የሠራችው አቪቫ፣ የጌኒያ የመጨረሻ ተማሪ፣ ለለቅሶ የመጣችው አበባ ይዛ ነበር። የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻዋ በየመስመሩ ቅርስ፣ ቅርስ ይላል፤ ወደ አይሁድ ለቅሶ ቤት አበባ እንደማይገባ፣ ሐዘንተኛው ሳይናገር እንግዳ አፉን እንደማይከፍት ግን የነገራት የለም። ከበር ጀምራ እያወራች ገባች። ሜንደል አበባውን እንደ ሰከረ ዘመድ ደግፎ ወስዶ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አቆመው።

ልመናዋ ሁለት ነበር፦ መስታወቱ ለኤግዚቢሽን እንዲፈቀድላት፣ ጋራዡም ለሷና ከኋላዋ ለሚመጡት ክፍት እንዲሆን። ዲቮራ ለቅሶው ሲያበቃ መስታወቱ ይወርዳል፣ ጋራዡም ይቆለፋል አለቻት። አቪቫ አልተከራከረችም። በማግስቱ መጥታ የለቅሶውን እንቁላል ትልጥ ጀመር።

አንሶላው ግን አላርፍ አለ። ሙቀቱ ቅጠል የማያወዛውዝ፣ መስኮቱ የተዘጋ፣ እሱ ግን ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ቀስ ብሎ ይሟሽሻል፣ እንደተኛ ሰው ሆድ። የሚነፋውም ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው፣ ከታች በቀኝ ጥጉ። እንግዶች ወንበራቸውን ወደ ኩሽናው ያስጠጋሉ። የለቅሶው ሻማ ነበልባል ነፋስ ሳይኖር ወደ መስታወቱ ያዘነብላል ብላ አንዲት ሴት አንሾካሾከች፤ ከዚያ በኋላ ያልተመለከተው የለም።

በመጨረሻው ጠዋት እንደ ደንቡ ከሐዘን ተነሥተው ሰፈሩን ሊዞሩ ወጡ፤ ዲቮራ፣ ሜንደል፣ ከኋላ ደግሞ አቪቫ። በሩ እንደ ሰሞኑ ሳይቆለፍ ቀረ። ሲመለሱ አንሶላው መሬት ላይ አልነበረም። በዲቮራ የለቅሶ ወንበር ላይ ነው፣ እንደ ፖስታ ተጣጥፎ። አነሣችው። ሲታቀፉት የቆዩት ያህል ሞቋል።

«አንቺም ከኛው ጋር ነበርሽ» አላት ሜንደል ዲቮራን፣ ቀልዱ አልቆበት።

ዲቮራ አንሶላውን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ዝቅ አለች። ከዚያ ቁመት፣ በመስታወቱ የታችኛው ቀኝ ጥግ፣ ፊቷ ሙሉውን ታያት፤ አንድም ሳይበሳ። ያ ጥግ ብቻ አልተፋቀም።

«ይሄን ለምን ተውሽው?»

«ወይዘሮ ጌኒያ አትንኪው ስላሉኝ ነው፤ የእናታቸው ቦታ ነው» አለች አቪቫ። «‹ልጄ አንድ ጊዜ ሥላት ነበር፣ ቁርጥ እሷን። ደግሜ ማየት ቢያቅተኝ በአፍንጫዋ አሳበብኩ። የምትፍቃት ልጄ ናት› አሉኝ። ለእርስዎ የነገሩዎት መስሎኝ።»

ሜንደል ሻዩን ፈልጎ አጣው። ዲቮራ መስታወቱን አውርደው በጀርባው በኩል እንዲያዞሩላት ጠየቀች። ቦርሳዋን ከፍታ የሰው ጥርስ የምታጸዳበትን ቀጭን ብረት አወጣች። ለቅሶው ተነሥቷል፤ እዚያ አጭር ወንበር ላይ እንድትቀመጥ የሚያስገድዳት የለም። ተቀመጠች። አንሶላውን ጭኗ ላይ ዘረጋችና ከአያቷ አፍንጫ መፋቅ ጀመረች።