ለአረፋ የተቀመጠ ጫማ

ናጃህ ጉብሬ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቁጭ ብላ በአባቷ እግር ላይ ድንጋይ ስትጥል ከረመች። በኮምፒዩተር ነው፣ አትደንግጡ።

አባቷ ሸረፋ ቡታጅራ አጠገብ ካለ የድንጋይ ማውጫ ካባ ለኮብልስቶን ድንጋይ ይፈልጣል። አንድ ጣቱን እዚያው ትቷል። የተሰጠውን ባለብረት ጫማ ግን «ይሄ ጫማ ነው ወይስ ወፍጮ?» ብሎ አውልቆ ጣለና በላስቲክ ኮንጎው ቀጠለ።

ስለዚህ ለመመረቂያ ሥራዋ ሌላ ነገር አላማራትም፤ ጫማ ውስጥ ገብቶ ጣትን የሚሸፍን፣ ከእንሰት ቃጫና ከማጣበቂያ የሚሠራ ቀላል ቆብ ብቻ። ስታሳሳው፣ ድንጋዩ ያረፈበት ቦታ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይሆናል፤ ይሰበራል ማለት ነው። ስታወፍረው ይከብዳል፣ አባቷም ያወልቀዋል። ቀይ ባየች ቁጥር የአባቷ ቀሪ ጣቶች እየታዩዋት ስትለዋውጥ ቆይታ፣ አንድ ቀን ቆቡ ሰማያዊ እንደሆነ ድንጋዩን ቻለው። በእጇ የሠራችው ናሙናም በድንጋይ ሲመታ ቻለ። ጫማ ሰፊው ጀማሉ ቆቡን ውስጥ አስገብቶ በሚያብረቀርቅ ቡናማ ቆዳ ጫማ ሰፋላት።

ሸረፋ ጫማውን አገላብጦ አየና መረቃት። በሳምንቱ ስትመጣ ግን ከካባ ሲመለስ በኮንጎ አገኘችው። ጫማው በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ተቀምጧል።

«ለአረፋ ነው» አላት። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ጫማ ድንጋይ ላይ አላበላሽም!»

የድንጋዩን ክብደት፣ የሚወድቅበትን ከፍታ፣ ሁሉንም ለኮምፒዩተሩ ነግራው ነበር። አባቷ በአዲስ ነገር እንደማይጨክን ግን አልነገረችውም።

ደሟ ፈላ። ጫማውን ይዛ ወጣችና ጎረቤት ለግንብ ካቦካው ሲሚንቶ ዘግና ቆዳውን ግራና ቀኝ ለቀለቀችው። ሸረፋ ራሱን ያዘ።

«ምን ነካሽ፣ ልጄ?»

«አሁን ለአረፋ አይሆንም፣ አባ። የሥራ ነው።»

አኩርፏት አደረ። ጠዋት ግን ተጫምቶት ወጣ።

አረፋ ሲቃረብ ደወለላት። ድምፁ ዕቃ እንደሰበረ ልጅ ነበር።

«ናጃህ፣ አትቆጪኝ። ድንጋይ ወደቀበትና ጫማሽን ሰበርኩት። ጀማሉም አይጠገንም አለኝ።»

«ጣትህስ?»

«ጣቴማ ምን ይሆናል፣ ደህና ነው። እኔ የምልሽ ጫማውን ነው!»

ናጃህ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሸረፋም ለጫማው ያለቀሰች መስሎት «በቃ፣ በቃ እንጂ ልጄ፣ ጫማ አይደለም እንዴ» እያለ ያባብላት ጀመር።