የቡሬ አተላ

"ተነሺ እንጂ፣ የኔ እመቤት፣" አለች ሰርኬ የቡሬን ጆሮ ሥር እያሻሸች።

ላሟ ለመነሳት ሞከረችና የፊት እግሮቿ ተንቀጥቅጠው መልሳ ተኛች። ግራ ሆዷ ተወጥሯል። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት እያመሰኳች ነበር የምትጠብቃት፤ ዛሬ አፏ ዝም ብሏል። ሰርኬ የማለቢያ ባልዲዋን አስቀምጣ ወደ አጥሩ በር ሄደችና ጠርሙስ ይዘው የቆሙትን ወተት ገዢዎች፣ "ዛሬ የለም፣ ቡሬ አሟታል፣" ብላ መለሰቻቸው። ሁለት ልጆቿን ያስተማረችው በዚህች አንዲት ላም ወተት ነው። ከቡሬ ሌላ ላም የላትም።

የእንስሳት ሐኪሙ ገመቹ ከአስኮ በሞተር ሳይክል መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ተንበርክኮ የላሟን ጎን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"ትናንት ምን በላች፣ እትዬ?"

"እንደወትሮው ነው። ጭድ፣ ትንሽ ፉርሽካ።"

ከኋላዋ የቆመው ባሏ ፈቀደ ጉሮሮውን ጠረገ። "አተላም ነበር።"

"ምን ያህል?"

"በርሜሉ ውስጥ የነበረው።"

ሰርኬ ዞረች። "ሁሉንም?"

አተላው የጎረቤታቸው የእማማ ምሥራቅ ነው። እማማ ምሥራቅ ማኅበር በደረሳቸው ቁጥር ጠላ ይጠምቃሉ፤ የጋኑን አተላ ደግሞ "ለልጄ ለቡሬ" እያሉ ይልካሉ። ሰርኬ በርሜሉን ጓሮ ከድና ታስቀምጥና በጆግ እየቀዳች ከጭድ ጋር ታሸዋለች። ዛሬ ከሰዓት ግን መጠጥ የማይነካው የቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ኅብረት እነሱ ቤት ነው የሚሰበሰበው። መሪው ደግሞ ራሱ ፈቀደ ነው።

"ግቢው ጠላ ጠላ ሸተተኝ፣" አለ ፈቀደ መሬት መሬቱን እያየ። "ወንድሞች ሲመጡ ምን ይላሉ ብዬ ማታ ገንዳዋ ላይ ገለበጥኩት። በርሜሉንም በኦሞ አጥቤ አነሳሁት።"

"ጎሽ። በርሜሉን አጥበህ ላሟን አሰከርካት።"

ገመቹ ፈገግታውን ለመደበቅ ቦርሳው ላይ አጎነበሰ። ቀና ሲል ግን ፊቱ ኮስተር ብሎ ነበር። "ስካሩስ ይለቃታል። የሚያሳስበኝ ሆዷ ነው። አተላ ባንዴ ሲበዛ ውስጥ ይኮመጥጥና ሆዷ ሥራውን ያቆማል። እስከ ማታ ካልተንቀሳቀሰ ልናጣት እንችላለን።"

ቤኪንግ ሶዳ ለብ ባለ ውኃ በጠበጠ፣ ዘይት ጨመረበት፣ በጠርሙስም ቀስ እያለ አጋታት። ፈቀደ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ሲጎትት፣ "አያቅኑት፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል፣" አለው። ሦስቱ ተጋግዘው አስነሷት። ከዚያ ሐኪሙ ሰርኬን ጡጫዋን እንድትጨብጥ አድርጎ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ የላሟ ግራ ጎን ላይ አስደገፋት።

"ጤነኛ ሆድ እጅ ይገፋል። ቀስ ብሎ ነው፤ የተኛ ሰው ደረት እንደሚነሳው። ይሰማዎታል?"

"ምንም።"

"እያንሸራሸራችሁ ጠብቁ። ሳምንቱን ድርቆሽና ውኃ ብቻ። አተላ ከዚያ በኋላ፣ እሱም ትንሽ ትንሽ። ፀሐይ ላይ ቢደርቅ ደግሞ ይሻላል፤ ቶሎ አይበላሽም፣ ለመለካትም ይመቻል።"

"ፀሐይ ላይ ማለት ግቢው መሐል?" አለ ፈቀደ።

"ፀሐዩ ያለበት፣" አለ ገመቹ የራስ ቁሩን እያጠለቀ።

ፈቀደ ገመዱን ይዞ ቡሬን ግቢው ውስጥ ሲያዞራት አረፈደ። ሰርኬ ጓዳ ሆና ድምፁን ትሰማለች፤ ጸሎት መስሏት ነበር፣ ጠጋ ስትል ግን ላሟን ይቅርታ እየጠየቃት ነው። በየመሐሉ እየወጣች ጡጫዋን ታስደግፋለች። ምንም የለም። ጥላው ወደ አጥሩ መዘንበል ሲጀምር ግን አንድ ነገር ከውስጥ መጥቶ እጇን በዝግታ ገፋት፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ገፋት።

"ፈቀደ፣ እጅህን አምጣ።"

እሱም ጡጫውን አስደግፎ ቆየ። "ገፋችኝ፣" አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። ብዙም ሳይቆይ ቡሬ ማመስኳት ጀመረች።

እማማ ምሥራቅ አንድ ባልዲ አንጠልጥለው የገቡት ያኔ ነው። "የሁለተኛውን ጋን አመጣሁላት።"

ፈቀደ ሰዓቱን አየ። "እማማ፣ ይሄስ ይቅርብን።"

አሮጊቷ በርሜሉ ወደነበረበት ጓሮ ተመለከቱ። "አነሳችሁት ለካ። እንግዲህ ነውር ከሆነባችሁ ምን ይደረጋል፣" አሉና ባልዲያቸውን መልሰው አነሱ።

ሰርኬ መንገዳቸው ላይ ቆመች። እንዲህ ከወጡ ባልዲው ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ እሳቸውም አይመጡም።

"እማማ፣ ቡሬ ታማ ነው የዋለችው። ፈቀደ ያንን ሁሉ አተላ በአንድ ማታ ሰጥቷት።"

"በአንድ ማታ? ምን ነካው?"

"እንግዶቹ እንዳይሸታቸው ብሎ ነዋ።"

እማማ ምሥራቅ ፈቀደን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ባልዲውን አስቀምጠው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "እኔ ቤት ያ ሁሉ ማኅበርተኛ ጠጥቶ አንድ ሰው አልወደቀ፤ የሰከረችው የፈቄ ላም ብቻ ናት?" ዓይናቸውን ጠረጉ። "ለመሆኑ ተሻላት?"

"ተሽሏታል። ደረቁን ስጧት ተብለናል።"

ሰርኬ ከቤት ሸራ አውጥታ ከሳሎኑ በር ፊት ለፊት፣ የቀረችው ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። እማማ ምሥራቅ አተላውን ገለበጡት፤ ሁለቱ ሴቶች ቁጢጥ ብለው በእጃቸው ያሳሱት ጀመር። የጠላው ሽታ ግቢውን ሞላው። ፈቀደ ትንሽ ቆሞ አያቸውና እጅጌውን ሰብስቦ እሱም አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

የአጥሩ በር ተንኳኳ።

"መጡ፣" አለ ዝግ ብሎ። "ለጊዜው ጓሮ እናዙረው?"

"ጓሮ ጥላ ነው፣" አለች ሰርኬ ቀና ሳትል። "ሂድ ክፈትላቸው።"

ፈቀደ በሩን አየ፣ ሸራውን አየ። አተላ የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ሊከፍት ሄደ።