እንጥሉ የተቆረጠ ልጅ አላይም

ጎባ ላይ ድሬሰር መሸሻን የማያውቅ አልነበረም። ጦር ሠራዊት ውስጥ ቁስል ሲያክም ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ከገበያው በላይ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ክሊኒክ ከፈተ። አፉ መራራ ነው፤ የልጅ ሕመም ግን አንጀቱ አይችልም። መርፌውን ራሱ ቀቅሎ፣ እጁን እሳት ላይ አሙቆ ነበር ሕፃን የሚነካው። እናቶችም ይህን አይተው ከሮቤ ድረስ ይመጡለት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ደሙን ያፈላዋል፤ እንጥል ማስቆረጥ። የበኩር ልጁ፣ እሱ ግዳጅ ላይ ሳለ፣ አያቷ ጉሮሮዋ እንዳይዘጋ ብለው አስቆርጠዋት ደም ፈሷት ሞታለች። ስለዚህ አንድ የገበያ ቀን በረንዳው ላይ ቆሞ አዋጅ አወጣ።

“እንጥሉ የተቆረጠ ልጅ አላይም! ያስቆረጠች እናት ደጄን እንዳትረግጥ!”

አዋጁ ሠራ። የተቆረጠ ልጅ መምጣቱ ቀረ። እናቶች ገና በሩ ላይ የልጃቸውን አፍ በጣታቸው ከፍተው፣ “ይኸው፣ አልተነካም” እያሉ ያሳዩት ጀመር። “መንግሥት ያላስቆመውን ልማድ በቁጣ ብቻ አስቆምኩት” ይላል ለሚስቱ ለሸዋርጋ። ምስኪን!

ክረምቱ ሲገባደድ ጁሀራ መጣች። ከሪራ ጫካ የሚመጣ ማር እየተቀበለች ሮቤ ገበያ የምትሸጥ የጎባ ሴት ናት፤ ልጇን ባዳሳን ከአራስነቱ ጀምሮ ያከመላት መሸሻ ነው። ዛሬ ግን ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ደጃፉ ላይ ተገትራ ቀረች።

“ግቢ እንጂ! ምን ያስፈራሻል?”

“ዶክተር፣ አይቆጡኝ” አለችና ብርድ ልብሱን ገለጠችው።

የባዳሳ ከንፈር ነጥቷል፤ አገጩ ላይ ደም ደርቋል። መሸሻ አልተቆጣም፤ ልጁን ነጥቋት ገባ። ጎዝ ያዘለት፣ መርፌ ወጋው፤ ተጣድፎ እጁን ማሞቁን እንኳ ረሳ። ልጁ ግን እዚያው እቅፉ ውስጥ ትንፋሹ ቆመ።

“መቼ ነው የተቆረጠው?” አላት መሸሻ።

“ሐሙስ። እኔ ገበያ ወርጄ አማቴ አስቆረጠችው።”

“ዛሬ እሑድ ነው እኮ! ያን ቀን ብታመጪው ደሙን አቆመው ነበር። ለምን አልመጣሽም?”

ጁሀራ በእንባዋ መሃል ግራ ተጋብታ አየችው።

“አላይም ብለዋላ፣ ዶክተር። እኛም የተቆረጠውን ቤት እንይዛለን። ጎረቤቴ ሃጂራም የሷን ልጅ እቤቷ ይዛ ነው የቀበረችው። እኔ ግን፣ ያ ረቢ፣ አላስችል አለኝ። ደፈርኩዎት፤ አፉ ይበሉኝ።”

ይቅርታ የምትለምነው እሷ ናት! መሸሻ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ለካ ልማዱ አልቀረም። እሱ እየኮራ ሲቀመጥ ልጆቹ በየቤታቸው ደም ሲፈሳቸው ከርሟል፤ እንደ ልጁ፣ ልክ እንደ ራሱ ልጅ። ጁሀራ ፊት ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

ባዳሳ በተቀበረ ማግስት ክሊኒኩን ከፈተ። ቀድማ የገባችው የሚያስለው ሕፃን የታቀፈች አንዲት ወጣት እናት ነበረች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ጣቷን አስገብታ የልጇን አፍ ከፈተች።

“ይኸው ዶክተር፣ አልተነካም።”

መሸሻ አንገቱን ደፋ። “ተይው፣ ይዝጋ። ከእንግዲህ የተቆረጠም ቢሆን አምጡልኝ። ለጎረቤቶችሽም ንገሪልኝ፤ እለምንሻለሁ።”

ሴትዮዋ ግን የሚፈትናት መሰላት። የሕፃኑን አፍ ይበልጥ ከፍታ አስጠጋችለት።