የጋሽ ሳብ እርምጃ

ጋሽ ሳብ በልጅነታችን ጂምናስቲክ ያሠለጥኑን የነበሩ ሰው ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ እኛ ግን ቀኑን ሙሉ «ሳብ! ሳብ!» ስለሚሉን ይህን አወጣንላቸው። ሲራመዱ ቀኝ እግራቸው የአዳራሹን ወለል ጠፍ ያደርገዋል። እኛ የአረማመድ ስልት መስሎን፣ ከኋላቸው ተሰልፈን ጠፍ ጠፍ እያልን እንከተላቸው ነበር። ምን ዓይነት ደግ ዘመን ነበር!

እግራችንን ዘርግተን ስናጎነብስ ጀርባችንን ይጫኑናል። «ነዘረኝ!» ካልን ደስታቸው ነው። «እሰይ! ጡንቻው ሲከፈት ነው፤ ሳብ!»

ዘንድሮ አዳራሹ ሊፈርስ ነውና የድሮ ልጆች ተሰባስበን እንሰናበተው ተባለ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልቤ ግን ወዲያው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነ። እንደ ድሮው እግሬን ግራና ቀኝ ከፍቼ ወለሉ ላይ ካልተቀመጥኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ሥራ ስጨርስ ተረከዜን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ እሰቅልና ግንባሬ ጉልበቴን እስኪነካ እለጠጣለሁ። ከቂጤ እስከ አውራ ጣቴ ሲነዝረኝ ደስ ይለኛል።

«እማዬ፣ ኧረ በልክ አድርጊው!» ትላለች ልጄ።

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ!»

አንድ ጠዋት ወደ ስፌት መኪናዬ ስሄድ የጋሽ ሳብን እርምጃ ሰማሁ። ጠፍ። ዞር ብል ማንም የለም። የራሴ እግር ነው። ጣቶቼን ሽቅብ ላንሳ ብል እምቢ አሉኝ፤ ፔዳሉን መርገጤንም እግሬ አላወቀው። በምን እንጀራዬን ልብላ ብዬ ደነገጥኩ።

«ነርቭ እንደ ጡንቻ መለጠጥ አይወድም፣ እትዬ» አለችኝ ሐኪም ቤት ያየችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። «አብሮ ሲሳብ መጀመሪያ ይነዝራል። ያኔ ማቆም ነበረብዎት። አሁን ካረፈ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ መሳቡን ከቀጠሉ ግን እንዲሁ ሊቀር ይችላል።»

የስንብቱ ቀን አዳራሹ ስገባ ጋሽ ሳብ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። እርምጃዬን ሰሙ።

«ዛሬም አልተዋችሁኝም? እናንተ ባለጌዎች!» ብለው ሳይዞሩ ሳቁ።

«ቀልድ አይደለም ጋሼ። እግሬ ነው።»

ዞረው እግሬን አዩት። ሳቃቸው ጠፋ።

«ነዘረሽ?»

«ነዘረኝ።»

«እና ሳብሽው?»

«ሳብኩት።»

እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ፤ ያ ድሮ ጀርባችንን የሚጫነን እጅ አሁን ምንም አይከብድም።

«ተይው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «እኔን እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።